የካምቢዮው ዘይት የዘገየበት ዓመት

በቤታችን መኪና የምትነዳው ባለቤቴ ነበረች። እኔ መንጃ ፈቃዴን በወጣትነቴ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ የምሠራበት ፋብሪካ ሰርቪስ ስለነበረው መሪ መጨበጥ አላስፈለገኝም። እሷ ግን የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከገላን ኮንዶሚኒየም ራቅ ስለሚል አንዲት አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ገዛች። እንደ ልጅ ነበር የምትይዛት። ቅዳሜ ከሰዓት ነጠላዋን ጣል አድርጋ "ጋራዥ ደርሼ ልምጣ" ካለች ወደ ሳሪስ መሄዷ ነው። የእኔ ድርሻ መኪናዋ ስትቆሽሽ ማጠብ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሆዷን አጥብቆ ሲያማት ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያት ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ሆዷ ውስጥ ያለው ካንሰር ወደ ጉበቷ መዝለቁን የነገረን ዕለት እንደምንም ብላ እሷው ነድታ ቤት ገባን። በማግስቱ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወሰደችኝና ከመኪናዋ ወርዳ ቁልፉን ሰጠችኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ።"

"እኔ? ሰው ልግጭ?"

"አጠገብህ አለሁ አይደል እንዴ? ፍሬኑን ብቻ ባንዴ አትርገጠው፤ ሆዴ አይችለውም።"

እንዲህ ሆኜ በዚህ ዕድሜዬ መንዳት ለመድኩ። ፍጥነቴ ከጋሪ አይበልጥም ነበር። የጭነት መኪኖች ከኋላ ጡሩምባቸውን ሲያስጮኹብኝ "ተዋቸው፣ ይለፉ" እያለች ታረጋጋኛለች።

አንድ ቀን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ፣ ቃሊቲን አልፈን ወደ ሳሪስ ስንወጣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን አልሄድ አለች። ነዳጁን አጥብቄ ረገጥኩት። ባሰበት።

"ልቀቀው" አለች። ዓይኗን ስለጨፈነች የተኛች መስሎኝ ነበር። "የካምቢዮ ዘይቷ ጊዜው አልፏል።"

"በምን አወቅሽ?"

"ማርሽ ስታስገባ ወዲያው አትይዝም፤ ትንሽ ታስባለች። ቆይቶ ደግሞ እንዲህ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ አይደርስም። እዚህ ሳይደርስ ነበር መቀየር የነበረበት። መጀመሪያ ላይ እኮ በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ልብ ካላልከው አይሰማህም።"

ቀስ እያልን ደርሰን ስንመለስ ሳሪስ ጎራ አልን። መካኒኩ ከስልጤ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ለዓመታት ያውቃታል። ከሩቅ ሲያያት ፊቱ ፈካ፤ ቀረብ ብሎ ክሳቷን ሲያይ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። ንጹሕ ከሆነ በኋላም መጥረጉን አላቆመም።

"ቲቸር፣ ምነው ጠፋሽ?" አላት።

ሞተሩ እንደተነሣ ኮፋኖውን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘና ነጭ ጨርቅ ላይ አሳረፈው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል። አሸተተው፤ ለእኔም ዘረጋልኝ። ማረር ማረር ይላል።

"አንቺ እንዲህ አታሳልፊም ነበር። ካለፈው ዓመት ክረምት ወዲህ እኮ ዓይንሽን አይቼው አላውቅም!"

የተናገረው ነገር ቶሎ አልገባኝም። ያን ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ነበረች። ዝናብ መትቷት፣ ፊቷ አመድ መስሎ ስትገባ "መካኒኩ አቆየኝ" ትለኝ ነበር። መጀመሪያ አብሬያት የሄድኩ ዕለት ሐኪሙ ገና ስንገባ በስሟ የጠራትም ካርዷን አይቶ ነው ብዬ ነበር።

ዞር ብዬ አየኋት። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ቀና አላለችም።

መካኒኩ አንድ ነገር እንዳበላሸ ገብቶት ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይህን ያህል ከቆየ በኋላ ሙሉውን ባወጣው ካምቢዮው ጭራሽ እምቢ ሊል ይችላል። ከፊሉን በአዲስ ልተካው። እስከ መቼ እንደሚያስኬዳችሁ ግን አላውቅም።"

"ሐኪም ቤት ካመላለሰን ይበቃናል" አለችው።

ቃሊቲን እንዳለፍን ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነበርሽ?"

"ገብቶሃል እኮ።"

"ከአፍሽ ልስማው።"

"ሆስፒታል። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒቱ። ሲሻለኝ ልነግርህ ነበር። ሳይሻለኝ ቀረ።"

"ለምን ብቻሽን?"

"ያኔ ፋብሪካው ተዘግቶ አንተ ከአልጋ መነሣት አቅቶህ ነበር። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ነበር የምትውለው። በዚያ ላይ ይሄን ልጨምርብህ?"

መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። ከመድኃኒቱ በኋላ በዚያ ዝናብ ብቻዋን እየነዳች ስትመለስ ታየኝ። መንገድ ዳር አቁማ ስታስመልስ፣ አፏን ጠርጋ፣ ደረጃውን ወጥታ "እራት በላህ?" ስትለኝ።

"ለአንቺ ብዬ እኮ እነሣ ነበር" አልኳት።

"እሱን አላሰብኩትም" አለችና አለቀሰች። በሽታዋ ከታወቀ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልደበቀችኝም። ሲያማት "አመመኝ" ትላለች፤ ወረፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ራሷን ትከሻዬ ላይ ታስደግፋለች። መኪናዋም ማርሽ ስታስገባ እያመነታች አመላለሰችን። ሐምሌ ላይ፣ ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ ዐረፈች።

መካኒኩ ለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። "ምን አባቴ አስቀባጠረኝ? ያን ቀን ዝም ማለት ነበረብኝ" አለኝ። እጁን ያዝኩት። እሱ ባይናገር ኖሮ ያችን የቀረችንንም ጊዜ እየተደባበቅን እንጨርሳት እንደነበር ነገርኩት። እሱም አለቀሰ።

ሰው ዛሬም ድረስ ያጽናናኛል። "እስከ መጨረሻው አስታመምካት፣ ምን ይጸጽትሃል?" ይሉኛል። እስከ መጨረሻው፣ እውነት ነው። መጀመሪያው ላይ ግን አልነበርኩም። እነሱ ይህን አያውቁም፤ እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ አልፋለሁ።