ሟች የሚነሣበት ፊልም

ባለፈው እሑድ ፍኖተ ሰላም፣ ልጄ ቤት ተቀምጠን፣ የልጅ ልጆቼ በቴሌቪዥን የድሮ አስፈሪ ፊልም እያዩ ይከራከሩ ነበር። ወንዱ «ይሄ ደግሞ ምኑ ያስፈራል? ቀለም የለው፣ ደም የለው!» ይላል። ሴቷ «የሚያስፈራውማ በሩ እስኪከፈት ያለው ነው» ትላለች። እኔ ብድግ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ መጋረጃውን እነካካለሁ። «አያቴ፣ ፈሩ እንዴ?» አለችኝ። «እግሬ ደንዝዞ ነው» አልኋትና በረንዳ ወጣሁ።

ስለ ፊልም የተማርሁት ነገር የለም፤ አስተያየት ግን አላጣም። በእኔ ግምት ጭራቅና ደም ለአፍታ ያስደነግጣሉ እንጂ አያስፈሩም። የሚያስፈራው አጠገብህ ያለው ሰው እየሳቀ ሲያይ አንተ ብቻ የምታውቀው ነገር ሲኖር ነው። ይህን ያወቅሁት በጣሊያን ጊዜ፣ ቡሬ፣ አንድ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው።

ያኔ ገና ያላገባሁ ኮረዳ ነበርሁ። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ ጭኑን ተመታና እቤታችን ጓዳ ተሸሸገ። ጣሊያን ስሙን ያውቃል፤ በሕይወት አለ ከተባለ እሱ ይሰቀላል፣ ቤታችንም ይቃጠላል። ስለዚህ እናቴ ሞቷል ብላ አስለቀሰች። ከንስሐ አባታችን ጋር ተማክራ ግንድ በሰሌን ጠቅልላ አስቀበረች። ፍትሐቱ ተፈታ፣ በአርባኛው ቀንም ተዝካሩ ወጣ፤ አገሩ በላ፣ ጠጣ። አያሌው ጓዳ ሆኖ የራሱን ተዝካር ጠላ ጠጣ፤ «ቀጥኗል» ብሎም አማው። በሳቅ አፌን ይዤ ወጣሁ።

ጥር ላይ እናቴና እኔ በርበሬ ልንሸጥ ቡሬ ገበያ ሄድን። መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር፤ በወገባችን የቋጠርነውን ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን ደረስን። ገና ሸቀጣችንን ሳንዘረጋ ባንዶቹ ገበያተኛውን እየነዱ መጋዘኑ ውስጥ አስገቡን። መስኮቶቹ በማቅ ተሸፈኑ፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ተወጠረ። ሲኒማ ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። የበርበሬው ብናኝ አየሩን ስለሞላው ግማሹ ያስላል፣ ግማሹ ያስነጥሳል።

አቡጀዲው ላይ ዝናብና የሬሳ ሣጥን ታየ። ንግግሩ በጣሊያንኛ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ የሚነግረን አስተርጓሚ ነበር። የአዊ ልጅ ነው፣ ቅኔ ቤት የዋለ፣ እናቴን በመልክ የሚያውቃት። «ሰውየው ሞተ፤ ቤተ ሰቡ ቀበረው» አለ። ቀጥሎ ወታደሮች አካፋ ይዘው መጡ። «መቃብሩን ቆፈሩት፤ ባዶ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ ሟች ቤት ለቤት ይፈለጋል።» ይህን ሲል ትክ ብሎ ወደ እኛ አየ። የእናቴ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ገቡ።

ገበያተኛው ተንጫጫ። አንዲት ጠላ ሻጭ «ፍትሐት ሳይፈቱ ቢቀብሩት ነዋ የተነሣው!» አለች። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ደግሞ ተቆጡ። «የለም፣ የለም፤ ተዝካሩን አላወጡለትም። እንዴት ብሎ ይረፍ?» በፈረንጅ አገርም ተዝካር ያለ መስሏቸው ነበር። ጎረቤታችን ወደ እናቴ ዞር ብላ አጽናናቻት። «አንቱማ ተመስገን ይበሉ። የአያሌው ተዝካር አምሮ ወጥቷል፤ እሱ አይነሣም።»

«አይነሣም» አለች እናቴ።

በርበሬውን ሳንሸጥ እየሮጥን ተመለስን። መንገድ ላይ «ሰማሽው?» አለችኝ። «ሰሙ የፈረንጁ ሟች ነው፤ ወርቁ የእኔ ልጅ ነው። ሊቆፍሩ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንዲያው አይናገርም።» እኔም አመንሁ። በእኛ አገር «እንዴት ዋላችሁ» እንኳ ተገላብጦ ሳይታይ አይታለፍም።

አያሌው ቁስሉ ገና መጠገጉ ነበር። «አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» ብሎ ለመነ። እናቴ አልሰማችውም። ያን ዕለት በበቅሎ ጭነን፣ ጭድ አልብሰን፣ ከአጎቴ ጋር ወደ ወምበርማ ቆላ ሰደድነው።

ቁስሉ መንገድ ላይ ተከፈተ። ሽንዲ ሳይደርስ ደሙ ፈስሶ አለቀ። አጎቴ ብቻውን ቀብሮት መጣ።

ጎረቤት እንዳይሰማ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እኔ ልቅሶዬን እንዲሸፍንልኝ ወፍጮው ላይ ተደፍቼ ስፈጭ ዋልሁ። አንዴ የተለቀሰለት ሰው ድጋሚ አይለቀስለትም። የግንዱን መቃብር ግን ማንም ሊቆፍር አልመጣም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እናቴ አስተርጓሚውን ገበያ አገኘችውና ያን ቀን ስለነገራት ነገር ጠየቀችው። ግራ ገባው። «እሜቴ፣ እኔ ፊልሙ የሚለውን ነው የተናገርሁ። በርበሬው ዓይኔን ሲለበልበኝ መውጫ በሩን አይ ነበር እንጂ እናንተንስ አላየኋችሁ።»

እናቴ ገበያውን ጥላ፣ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታችን ሄዳ «ፍትሐቱ ይደገምለት?» ብላ ጠየቀች። «አያስፈልግም» አሉ። «ያኔ የተፈታው ቀድሞት ሄዶ ይጠብቀው ነበር።» ያን ጊዜ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጣ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች። ተዝካሩን የበሉት ሁሉ እየሮጡ መጥተው «ማን ሞተ?» አሏት። «አያሌው!» አለች። እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳንዱም አማተበ።

በረንዳው ላይ ሳለሁ ፊልሙ አልቆ ልጅቱ መጣች። ፊቴን አይታ ደነገጠችና እጄን ያዘችኝ። «ፊልም እኮ ነው፣ አያቴ» አለችኝ።

ያን ቀን ለእናቴ እንዲህ ያላት አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ፣ ወንድሜ የለመነውን ሳምንት ባገኘ ነበር።