ተፈውሳለች የተባልኩበት ዓመት

እርጥብ ዝንጅብል ሲሸተኝ እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ደረቴ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ፣ አንዲት ነጋዴ፣ መንገደኛ ረግጦ የሰባበረባትን ዝንጅብል እያጉረመረመች ከመሬት ስትለቅም፣ ሽታው ድንገት ተነሥቶ አፍንጫዬን ሞላውና ለቃሪያ ያዘጋጀሁትን ፌስታል እንደያዝኩ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ያኔ በልጅነቴ፣ አክስቴ አማረች ፊት ሸሚዜን ወደ ላይ ሰብስቤ፣ የወቀጠችውን ዝንጅብል በቅቤ ለውሳ እስክትቀባኝ ስጠብቅ ራሴን አየሁት።

የምንኖረው ሶዶ ውስጥ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ቤቶቹ ሁሉ ወደ ታች ሊንሸራተቱ የተዘጋጁ በሚመስሉበት ቁልቁለት ሰፈር ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ብዙም አልቆየም፣ ወላይታም ገና የራሷ ዞን አልሆነችም። አባቴ ማርቆስ በግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር፤ ገበሬው ግን «የከብት ዶክተር» ነበር የሚለው። ጠዋት የታጠበ ቦት ጫማ አጥልቆ ወጥቶ፣ ሲመሽ ጭቃና የበረት ሽታ ይዞ ይመለስ ነበር። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ የታመመች ላም ዘንድ ሲጠራ እንኳ ከመንካቱ በፊት ራቅ ብሎ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ያያት ነበር። እናቴ ከጓሮው እንሰት የማትለይ፣ ስታወራ እንኳ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። ወንድሜ ታደሰ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ በምላስ ግን ብዙ።

ሕመሙ የጀመረኝ በክረምት ነው። አየር ወደ ውስጥ ስስብ ግማሽ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ከግራ ጎኔ በኩል፣ ከውስጥ ሆኖ በአውራ ጣቱ ተጭኖ የያዘኝ ያህል። ይመጣል፣ ይቆያል፣ ሲያሻው ይሄዳል፣ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፣ እብጠት የለው፤ ለሰው የሚታይ አንድም ምልክት ስላልነበረው እኔም ራሴ አንዳንዴ እጠራጠር ነበር። ታደሰማ ፈጽሞ አላመነኝም፤ «ያንቺ በሽታ ጀሪካን ሲያይ ነው የሚነሳው» ይለኝ ነበር። እውነት ነው፣ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ይብስብኛል፣ ግን ይህን ብናገር ለእሱ ተጨማሪ ማስረጃ ከመስጠት በቀር የሚጠቅመኝ ነገር አልነበረም።

ሐኪም ቤት ከመድረሴ በፊት ሕመሜ ስም አጥቶ አያውቅም። ጎረቤታችን ዓይን ነው አለች፣ ሌላዋ ወስፋት ነው አለች፣ አክስቴ አማረች ደግሞ ከአረካ ዝንጅብሏን በዘንቢል ይዛ መጥታ ብርድ ነው ብላ ደመደመች። የእሷ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም ነበርና፣ ጤና ጣቢያ ስትወስደኝ ጤና ረዳቱን «ይሄ ልጅ ብርድ መታው፣ ጎኑን ነው መታው፣ እኔ አውቃለሁ» ስትለው ሰውየው የታመመውን ወንድ ልጅ ፍለጋ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። መጀመሪያ የወስፋት መድኃኒት ሰጠን፣ ቀጥሎ ስንሄድ ባለሁለት ቀለም እንክብል ሰጠን። ወስፋት ከነበረኝ ሞቷል፤ ሕመሙ ግን አልሞተም። እናቴ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትል ነበር፤ እኔ ሳልደብቀውም አልተገኘለትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባባ ወደ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሙ ደረቴንና ጀርባዬን አዳምጦ፣ የልቤን ትርታ ደጋግሞ ሰምቶ፣ «ልቧንም እንየው» ብሎ ራጅ እንድነሳ ቀጠረኝ። ልብ የሚለው ቃል አባባን እንዳስደነገጠው ገባኝ፤ በዚያ ሳምንት ምግብ አይበላለትም ነበር። የምንሄድበት የሰፈራችን የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ስለ እኔ ጾሙ፣ ሽማግሌዎችም ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ከባድና ሙቅ እጃቸውን ራሴና ትከሻዬ ላይ ጭነው ጸለዩ። በቀጠሮው ቀን ደረቴን ከቀዝቃዛ ሰሌዳ ጋር አስደግፈው «አየር ሳቢ፣ ያዢ» አሉኝ፤ ዋናው የማልችለው ነገር እሱ መሆኑን ማን ይንገራቸው። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና «ንጹሕ ነው፤ እዚህ ላይ ምንም አይታየኝም» አለ። አባባ ባርኔጣውን አወለቀ። «ምንም?» አለ። «ምንም» አለ ሐኪሙ። ስንመለስ አባባ የሚያስቅ ነገር ሳይኖር እየሳቀ፣ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ቆሞ ሰላም እየተባባለ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጄን ይዞኝ ወደ ፊት ወጣ። «ወገኖች፣ ጌታ ልጄን ፈውሷታል። ሐኪሙ ራሱ ምንም የለባትም አለ» ብሎ ተናገረ። ጉባኤው አሜን አለ፣ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፣ እኔም አሜን ልል አየር ስስብ ያ አውራ ጣት ከቦታው ነበር። ቀና ብዬ አባባን አየሁት። ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ አባቴ እንባው በጉንጩ እየወረደ ፈገግ ብሏል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበር። ያመኛል ብል አባቴ ሐሰተኛ ሊሆን ነው፣ የጾሙት ሴቶችም ጾማቸው ከንቱ ሊሆን ነው፤ ቢያንስ ያኔ እንዲህ ነበር የመሰለኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስሜ አስቴር መሆኑ ቀርቶ «የተፈወሰችው ልጅ» ሆንኩ። ገና በልጅነቴ አንድ ሙያ የተሰጠኝ ያህል ነበር። ከገሱባ በኩል የመጣች አንዲት እናት ሳል ያደከመውን ልጇን አጠገቤ አስቀምጣ፣ «እጅሽን ጫኚበት፣ የኔ ልጅ፤ አንቺን የሰማ ጌታ ነው» አለችኝ። ጫንኩበት። ደረቱ ከእጄ ሥር ሲፋጭ እየተሰማኝ፣ የራሴንም እየቻልኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጁ አሳዘነኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አሳዘንኩት። መደበቅን የተማርኩት በዚያ ሰሞን ነው። አየር ሳልስብ መሳቅን፣ መዝሙር በከንፈር ብቻ መዘመርን፣ ቁልቁለት ስወርድ ጎኔን ሰጥቼ አንድ እግሬን ካንዱ አጠገብ እያሳረፍኩ ቀስ ማለትን ለመድኩ፤ ታደሰ «ሙሽራዋ መጣች» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

መስከረም መጣ፣ ጊፋታም ደረሰ። ለወላይታ ዓመቱ የሚለወጠው በዚያ በዓል ስለሆነ፣ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ ይወጣል፣ ወንዶቹ በጋራ የገዙት ሰንጋ ይታረዳል፣ የተጣላም ሳይታረቅ ለማዕድ አይቀርብም። አባባ ከሥጋ ተካፋዮቹ ጋር ቢላዋ ይዞ ቁጭ ብሏል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ችቦው ወደሚበራበት ሜዳ ቁልቁለቱን እየጮኹ ሲሮጡ፣ እኔ አዲሱን ቀሚሴን ሰብስቤ እንደለመድኩት በጎኔ ወረድኩ። ዞር ስል የአባባ ቢላዋ ቆሟል፣ ዓይኑም እኔ ላይ ነው።

በሳምንቱ ዳሞታ ሥር ያለ አንድ ገበሬ በሬው ታሞበት ሲጠራው አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበርና ደስ እያለኝ ሄድኩ። ሲወጣ አጠገቤ ሆኖ ወጣ፤ በሬውን አይቶ ስንመለስ ግን ወደ ኋላ ቀረና ከኋላዬ ይከተለኝ ጀመር።

«አስቱ፣ ዳገቱን ስትወጪ ደህና ነበርሽ» አለኝ።

«አዎ።»

«ቁልቁለቱን ግን ፈራሽው።»

እግሬን ቀጥ አድርጌ ለመራመድ ሞከርኩ።

«ላም ከሣር ጋር ሽቦ ስትውጥ እንደዚህ ነው የምታደርገው። ዳገቱን ትወጣለች፣ ቁልቁለት ላይ ስትደርስ እምቢ ትላለች። ወደ ደረቷ ይወጋታል።»

«እኔ ሽቦ አልዋጥኩም» አልኩት።

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የተመለሰብሽ?»

«አልተመለሰም፣ አባባ። ሄዶም አያውቅም።»

«ያን እሑድም?»

«ያን እሑድም።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን የት እንደሆነ አሳዪኝ አለኝና ጣቱን ይዤ ቦታው ላይ አስቀመጥኩለት። አልተጫነውም። «ምን እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። «እንደሚያምሽ ግን አውቃለሁ።» ይኼኔ ነው ያለቀስኩት። በዚያ ዓመት ከዋጥኩትና ከተቀባሁት ሁሉ የተሻለችኝ ያቺ ቃል ናት፤ ሕመሙን አላስታገሰችውም፣ እኔን ግን አሳረፈችኝ።

ቤት ስንደርስ ለእናቴ ነገራት፣ እሑድም ወጥቶ እንደሚናገር ጨመረላት። እናቴ ከእጇ ላይ የእንሰቱን ጭማቂ እየጠረገች «እኛ ማወቃችን አይበቃም ወይ? ሰው ምን ይላል?» አለችው። «ድናለች ያልኩት ሰው ፊት ነው» አላት። ወሬው ቀድሞን ይሁን እናቴ ነግራቸው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሳምንቱ መሀል መጥተው አባባን በረንዳ ላይ አነጋገሩት፤ እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ወንድም ማርቆስ» አሉት፣ «ምልክቱ ቢቆይም ፈውሱን በእምነት መያዝ ነው። አሁን ወጥተህ አልዳነችም ብትል ክህደት ይሆንብሃል።»

«ጋሼ፣ ጌታ አይችልም አላልኩም» አለ አባባ። «ልጄ ግን ሕመሟን የምትደብቀው የእኔን ምስክርነት ለመጠበቅ ብላ ነው። ይህን አውቄ እንዴት እተዋታለሁ?»

ሽማግሌው የእናቴን ግብዣ ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄዱ። እሳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስለ እኔ ሲጸልዩ ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ።

እሑድ አባባ እኔን እናቴ አጠገብ ትቶ ብቻውን ወጣ። «ወገኖቼ፣ በክረምቱ እዚህ ቆሜ ልጄ ተፈውሳለች ብዬ ነበር» አለ። «አልተፈወሰችም። አሁንም ያማታል። ሐኪሙ አይታየኝም ሲል እኔ የለም አልኩ፤ ቸኮልኩ። ጌታን አልከስም፣ እሷንም ማንም አይክሰሳት። ጸልዩላት፤ ያመኛል ስትል ደግሞ እመኗት።» አሜን ያለ ሰው አልነበረም። መዘምራኑ ተራቸው ሳይደርስ መዝሙር ጀመሩ፣ አባባም ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስንወጣ አንዳንዱ ሰው ሰላምታውን አሳጠረብን፤ ያቺ የገሱባ እናት ግን ሰው መሀል ፈልጋ አግኝታኝ «ታዲያ ያንቺም አልሄደም?» አለችኝ። አልሄደም አልኳት። «የእሱም እኮ አልሄደለትም» አለች ልጇን ወደ እኔ እያስጠጋች፣ እፎይ ያለች መስላ፣ ጉንጬን ሳመችኝ። አባባን ግን ከዚያ ወዲህ ረዘም ላለ ጊዜ ጸሎት ምራ ያለው አልነበረም። ነገሩ እንደጎዳው አውቃለሁ፤ ግን አንድም ቀን አላነሣብኝም። ታደሰም በማግስቱ ጀሪካኔን ያለ አንዲት ቃል ከእጄ ወስዶ ወረደ፤ ለእሱ ያለ ቃል መሄድ ትልቅ ነገር ነበር።

በጋው ሲገባ አባባ አዲስ አበባ ድረስ ወሰደኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ አጣብቀው የልቤን ምት ወረቀት ላይ አወጡት፣ ደም ወሰዱ፣ እንደገና ራጅ አነሡ፣ በመጨረሻም ምንም አላገኘንም አሉን። አውቶቡስ ውስጥ «አሁንስ ያምሻል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ፣ ሶዶ እስክንደርስ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ዛሬ እኔ የልጆች እናት ነኝ፣ አባባም ካረፈ ቆይቷል። ሕመሜ አብሮኝ አድጎ አብሮኝ ሊያረጅ ነው፤ ያኔ ያልነበሩ መሣሪያዎች ሁሉ አይተውኛል፣ ስም ያወጣለት ግን የለም። ወጣቶቹ ሐኪሞች ውጤቱን አገላብጠው «ጭንቀት አለብሽ?» ይሉኛል፣ እኔም የሌለበት ማን አለ እላቸዋለሁ። ያኔ ምንም የለም በተባልኩ ቁጥር ጥፋተኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ከዚያች እሑድ በኋላ አባባ ሁልጊዜ ቁልቁለቱን ከፊቴ ነበር የሚወርደው። ኮቴዬ ሲዘገይ ይቆምና የሰው በሬ ማየት፣ ወይም ከመንገደኛ ጋር ረጅም ሰላምታ ይጀምራል። «ማርቆስ፣ እግርህ ከበደ እንዴ?» ሲሉት «እርጅና ነው» ይላቸው ነበር፣ ገና ጎልማሳ ሆኖ ሳለ። አሁን መንገዱ ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ ባጃጁ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ቁልቁለቱን ስወርድ ዛሬም መሀል ላይ እቆማለሁ፤ «እርጅና ነው» ብሎ ከፊቴ የሚቆምልኝ ስለሌለ ግን፣ የቆምኩት እኔ እንደሆንኩ አሁን መንገደኛው ሁሉ ያያል።