ቶራዞ ኮረብታ የወጣ ዕለት

በጃፓኗ ታኔጋሺማ ደሴት ስለ ቶራዞ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ሮኬት በተወነጨፈ ቁጥር ጉድጓድ ይገባል፣ ጆሮውን ይደፍናል፣ እስኪያልፍለት ይንቀጠቀጣል። ዓሣ ሻጯ ኡሜኖ ደግሞ ማታ ማታ ሱሪውን ተደብቆ እንደሚያጥብ ሁሉ ጨምራበታለች።

ጉድጓዱ እውነት ነው። የቀረው የኡሜኖ ቅመም ነው። ቶራዞ የሮኬት ማስወንጨፊያው የውሃ ሠራተኛ ነው። ሮኬቱ እሳቱን ሲለቅ የገዛ ጩኸቱ ከመሬት ነጥሮ እንዳይጎዳው፣ መድረኩ ላይ እንደ ጎርፍ ውሃ ይለቀቅበታል። ያንን ውሃ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ከምድር በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል። ዕድሜውን ሙሉ ሮኬት ሲሸኝ ኖሮ አንዱም ሲበር አላየም።

ሚስቱ ኪኑኤ ግን አንዱም አላመለጣት፤ ከጎረቤት ጋር ኮረብታው ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ታያለች። ቤት ሲገባ "ሄደልህ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "ውሃውስ?" ይላል።

ዘንድሮ ዓይኗ ደከመ። ሐኪሙም የሚመለስ አይደለም አላት። አንድ ቀን ስኳር ድንች እየላጠች፣

"አንዴ እንኳ አብረኸኝ ብታይ ምን አለበት? ጡረታህን ስጠብቅ ዓይኔ ቀድሞህ ጡረታ ሊወጣ ነው" አለችው።

ቶራዞ ጥርሱን አሞት እንኳ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። ሄዶ ጠየቀ። ቦታውን ሊረከብ ሥራውን የሚለማመደው ወጣት ሳቀ።

"ጋሼ፣ ውሃው እርስዎን አይቶ አይደለም እኮ የሚፈሰው። ይሂዱ።"

ኮረብታው ላይ ኡሜኖ ጠበቀችው። "ፍልፈሉ ወጣ እንዴ? ቅያሪ ሱሪ ይዘሃል?"

"ይዣለሁ። ለአንቺ ነው።"

ሮኬቱ ተነሣ። ሰው ሁሉ ሲያንጋጥጥ ቶራዞ ቁልቁል መድረኩን ያያል፤ ውሃው ነጭ እንፋሎት ሆኖ በጊዜው ይወጣ እንደሆነ። ኪኑኤ እጅጌውን ሳበችው።

"የት ደረሰ? ለእኔ ብርሃን ብርሃን ብቻ ነው።"

ያኔ ቀና አለ። ጣቷን ይዞ ሮኬቱ ላይ አነጣጠረላት። "እዚህ ነው። አሁን እዚህ። ወደ ባሕሩ ዘንበል አለ" እያለ፣ ደመና እስኪውጠው ድረስ ጣቷን አብሮ ወሰደው።

"አየሁት" አለች። ማየቷን እንጃ፤ ፊቷ ግን ያየ ሰው ፊት ነበር።

ጎረቤቱ ምንጣፉን መጠቅለል ጀመረ። ቶራዞ ጣቷን አልለቀቀም።

"ከዚህ ሆነው ሲያዩት እኮ" አለ፣ "ከሥሩ ሰው ያለ አይመስልም።"

ኡሜኖ ጎንበስ ብላ የእነሱን ምንጣፍ ትጠቀልልላቸው ጀመር።