የጉርሻው ሳንቲም

የእህቴ ባል ቴዎፍሎስ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ጠባሴ በሚባለው ሰፈር፣ የብር መስቀልና ቀለበት የሚሠራ አንጥረኛ ነው። ትውልዱ አንኮበር ነው፤ የእኛም እንደዚያው። የእሱም የእኛም ቤተሰብ ጠይብ ነው። ጠይብ ማለት ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ማረሻውንና ድስቱን ከእጃችን ገዝተው ሲያበቁ "ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ" ይሉናል። በሰው ድግስ ላይ ለብቻችን በተለየ ዕቃ፣ ከደጅ ተቀምጠን ነበር የምንበላው። ይህን ሳወራ አሁንም ደሜ ይፈላል።

እህቴ በሰለችና ቴዎፍሎስ ከዚያ ሸሽተው ነው ከተማ የገቡት። ወሬው እየተከተላቸው ቤት ሲቀያይሩ ኖሩ። በመጨረሻ የተከራዩበት ግቢ ውስጥ ግን ማንም አያውቃቸውም ነበር። እማዋይሽን ያገኟት እዚያ ነው። እማዋይሽ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ገበሬ ናት፤ ከተፈናቃዮች መጠለያ ወጥታ ከትንሽ ልጇ ከህሊና ጋር ጎናቸው ያለችውን ክፍል ተከራየች። ወሬ ወዳድ፣ ሳቂታ ሴት ናት። በመጣች ሰሞን ሰተት ብላ ገብታ እህቴ ያቀረበችውን የገብስ ጭኮ ጠራርጋ በላች።

"እትዬ በሰለች፣ እጅሽ ይባረክ። ነገም እመጣለሁ" አለቻት።

በሰለች ያን ቀን ስልክ ደውላ አለቀሰች። በዕድሜዋ ሙሉ ከእጇ የበላ ጎረቤት አልነበራትም። ከዚያ በኋላ እማዋይሽ ሳትመጣ ምሳ አይቀርብም። ህሊናም ከእናቷ ይልቅ የእህቴን ጭን መረጠች። ልጅ ሳትወልድ የቀረችው እህቴ ፊቷ ሞላ፣ እያንጎራጎረች መሥራት ጀመረች፤ "ምን አግኝተሽ ነው?" እያልኩ አሾፍባት ነበር።

በዚያው ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት መልካም ባህሎቻችንን የሚያሳዩ ሳንቲሞች ለማሠራት ባለሙያ ያፈላልግ ነበርና ቴዎፍሎስ ተወዳደረ። ሳንቲሞቹ የሚገበያዩባቸው ሳይሆኑ ሰው ለማስታወሻ ገዝቶ የሚያስቀምጣቸው ናቸው። አንዱ ስለ አደራ፣ ሌላው ስለ ዕርቅ ሆኖ፣ እሱ የመረጠው ስለ አብሮ መብላት የሚናገረውን ነበር። ሌሎቹ ሰው የከበበው ማዕድ ሣሉ። እሱ ግን በሰለችንና እማዋይሽን ፊት ለፊት አስቀምጦ አጎራረሳቸው። ሁለቱ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ጉርሻው ይበተናል፣ እሱ "እጅሽን አታንቀሳቅሺ" እያለ ይቆጣል። ማሽን በኋላ ወደ ሳንቲም ስለሚያሳንሰው መጀመሪያ በሰፊ ጀሶ ላይ ነው የቀረጸው። የእህቴ እጅና የእማዋይሽ የተከፈተ አፍ፣ ሌላ ምንም የለበትም። የእሱ ተመረጠ።

በሰለች ከምረቃው አስቀድማ አስማለችው። "ከየት ነህ ቢሉህ ደብረ ብርሃን በል። ከማን ተማርክ ቢሉህ ራሴን በራሴ በል። እማዋይሽን እንዳታሳጣኝ" አለችው። ማለላት።

ሳንቲሙ በተመረቀ ዕለት እኔም ነበርኩ። የቴሌቪዥኑ ጋዜጠኛ "ይህን ጥበብ ከማን ተማርክ?" ሲለው ቴዎፍሎስ ሳንቲሙን አገላበጠ። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው እየሠሩ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳያከብራቸው ነው የሞቱት።

"ከአባቴ፣ ከወልደ ሰንበት" አለ። "የአንኮበር ጠይብ ነበሩ።"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ኮራሁበት። በሰለች እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

ንግግሩ ያን ማታ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በማግስቱ እማዋይሽ ለምሳ አልመጣችም፤ ሆዴን አሞኛል አለች። በሌላው ቀን ጾም ይዣለሁ አለች። ህሊና ወደ እህቴ ቤት ስትሮጥ ከኋላ እየጠራች ትመልሳት ጀመር። ቴዎፍሎስ የእሷ አፍ የተቀረጸበትን ሳንቲም ሊሰጣት ሲሄድ በሩን ገርበብ አድርጋ "እናንተው ጋ ይቀመጥልኝ" አለችው።

ብዙም ሳይቆይ ህሊናን ትኩሳት ጣላት። እኔ እህቴን ላጽናና በመጣሁበት ዕለት እማዋይሽ ልጇን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆመች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

"እትዬ በሰለች፣ በእመቤቴ ይሁንብሽ፣ እትፍ በይልኝ" አለች።

ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላው ራሱ እትፍ ሲልበት ነው ይባላል። እትፍ ማለት፣ አዎ እኔ ነኝ ብሎ ማመን ነው።

"ልጅቷ እኮ እየነደደች ነው" አለች በሰለች። "ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ባጃጅ እንጥራልሽ።"

"መጀመሪያ እትፍ በይልኝ። እንዲህ ሆና መርፌ ከወጓት ትሞትብኛለች። ካላልሽልኝ የትም አልወስዳትም።"

ቱግ ብዬ ተነሣሁ። "አንቺ ራስሽ በማንነትሽ ከቤትሽ የተባረርሽ ሴት፣ እንዴት ይህን ከአፍሽ ታወጫለሽ?" አልኳት። ዓይኗ ከልጇ ላይ አልተነሣም። ክፉ ሆና አልነበረም፤ ፈርታ ነበር።

"አታደርጊውም በሰለች" አለ ቴዎፍሎስ።

እህቴ ወደ ሁለታችንም አላየችም። የህሊናን ግንባር ዳሰሰች። ጎንበስ ብላ እትፍ አለችባት። "በይ አሁን ሂጂ፣ አትቁሚ" አለቻት።

ጤና ጣቢያ ሲመረምሯት የሳንባ ምች ነበር። ህሊና መድኃኒቱን ወሰደች፣ ሰነበተችና ድና መሮጥ ጀመረች። ግቢው ግን የዳነችው በምን እንደሆነ አልተጠራጠረም። የእህቴ ምራቅ ካዳናት፣ የበላቻትም እህቴ ናት። አከራያቸው ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ አሉና አስወጧቸው። ቴዎፍሎስ የአባቱን ስም በመጥራቱ ይጸጸት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

እማዋይሽ አሁንም በሰለችን መንገድ ላይ ስታገኛት ዝቅ ብላ እጅ ትነሣለች። "ልጄን ያተረፍሽልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ትላታለች፤ ከልቧ ነው። ይህን እያለች የህሊናን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች።