ከመርዶው የቀደመ እንጨት

አዲስ የተሰነጠቀ ግንድ ሽታ ሲመጣብኝ ሥራዬን ትቼ ቆም እላለሁ። የምማረው አናጺነት ስለሆነ ሽታው በየቀኑ ይመጣል፣ እኔም በየቀኑ እቆማለሁ። በፊት እንዲህ አልነበርኩም። በፊት ሽታው የሚያስታውሰኝ የተወለድኩበትን መንደር፣ ዝግባ በርን ብቻ ነበር። አሁን ያንን እሑድም አብሮ ያመጣብኛል።

ያን እሑድ ታላቅ ወንድሜ ኑሩ ከጄኔቫ በባቡር ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። እሱ ይኖር የነበረው ጄኔቫ ውስጥ ፓኪ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከጓደኛው ከጀማል ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ሲሆን፣ እዚያው ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፍ ነበር። እኔ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ነኝ፤ ሌረ በሚሉት የሙያ ልምምድ ላይ ነኝ፣ ከሳምንቱ ጥቂቱን ቀን ትምህርት ቤት፣ ቀሪውን ደግሞ አናጺው ዘንድ ሥራ ላይ እውላለሁ። ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ቆሜ ስጠብቀው ከባቡሩ ወርዶ ገና ሰላም ሳይለኝ፣ «እናንተ ዙሪክ ያላችሁ ሰዎች ቅጠሉን እንኳ የምታረግፉት በሰዓት ነው አሉ» አለኝ።

«እናንተ ደግሞ ባቡሩን ካልለመናችሁት አይመጣላችሁም» አልኩት።

ከከተማው በላይ ወዳለው ጫካ ወጣን። መንገዱ ዳር ግንድ ተቆርጦ፣ ጫፍ ጫፉ ቀለም ተቀብቶ ተከምሯል። ኑሩ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ቁርጡ ላይ ደቅኖ ቆየ፣ ከዚያም ቀና ብሎ፣ «ይሄኛው ጣውላ ቢሆን ይጣመማል» አለ። «እምብርቱን እየው፣ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ዳገት ላይ የበቀለ ነው።»

«አልጋ አንጣፊው ተናገረ።»

«እኔ አልጋ ባነጥፍ አንተን መጋዝ ያስያዘህ ማን ሆነና ነው?»

እዚያው ግንዱ ላይ ተቀምጠን ለእናታችን ደወልን። ብርድ ነው አሉ፣ ደራርባችሁ ልበሱ፣ አለችን፤ ይህን የዚህ አገር ሙቀት በሚበረታበት በሐምሌም ትለን ነበር። ሲመሽ ሸኘሁት። የባቡሩ በር ሲዘጋ ምን እንዳልኩት ላስታውስ ብዙ ሞክሬአለሁ። ምንም አይመጣልኝም። ተራ ቀን ነበር።

ስለ እሱ ለመጻፍ ስቀመጥ የሚመጣልኝ ዝግባ በር ነው። ወሎ ውስጥ፣ ከወረዳው ከተማ ግማሽ ቀን በእግር ተሂዶ የሚደረስባት ትንሽ መንደር ናት። ቤቶቹ ተራራው ወገብ ላይ ተደርድረው፣ ከበላያቸው የጥድና የዝግባ ደን፣ ከበታቻቸው የገብስና የባቄላ ማሳ ነበር። ደኑ የመንግሥት ስለሆነ ጠባቂ ነበረው፣ ማሳው ግን ጠባቂው ሰማይ ብቻ ነበር። ሽማግሎቹ፣ «ላያችን የዘበኛ፣ ታቻችን የዝናብ ነው፤ እኛ መሐል ላይ ያለን ተከራዮች ነን» ይሉ ነበር።

ክረምት ሲገባ መንደሩ በሙሉ ችግኝ ተከላ ይወጣ ነበር። እናታችን ከችግኝ ጣቢያው በጥቁር ላስቲክ የተቋጠሩትን ችግኞች በጀርባዋ አዝላ እየወጣች፣ ኑሩ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ እኔ ላስቲኩን በጥርሴ እየቀደድኩ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታችን እየደረሰ እንውል ነበር። ለምን እንደምንተክል ማንም አስረድቶን አያውቅም፣ ማስረዳትም አላስፈለገም። ዝናቡ ሲበረታ ተራራው ያጉረመርም ነበርና። ከመንደሩ ወዲያ ማዶ የተራቆተው ዳገት አንድ ክረምት ተንዶ እርከኑን ከነባቄላው ይዞት ወርዷል። ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ኑሩ በሩ ሥር ተዘርግቶ ይተኛል፣ ጆሮውን መሬቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ እናታችን «ምን ይላል?» ትለዋለች፣ እሱም «ተኝቷል» ይላታል። ያኔ እኛም እንተኛለን።

መኸር ሲደርስ ፍርሃታችን ይለወጥ ነበር። አጨዳው በደቦ ስለሆነ አንዱ ማሳ አልቆ ወደ ሌላው ሲኬድ፣ የኛ ተራ ሳይደርስ በረዶ እንዳይወርድ ሁላችንም ቀና እያልን ሰማዩን እናይ ነበር። ጎረቤታችን ሰይድ ግን የራሱን ማሳ ትቶ የኛን ያስቀድም ነበር፤ አባት የሌለው ቤት ነው ብሎ ነው፣ ግን እንዲህ ብሎ በአፉ ተናግሮት አያውቅም። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ቶሎ የሚያለቅስ፣ ሚስጥር ፊቱ ላይ የሚነበብበት ሰው ነበር። ሴቶቹ «ሰይድን ሸክም እንጂ ወሬ አታሸክሙት» እያሉ ይስቁበት ነበር።

በጋ የመጋዝ ጊዜ ነበር። ከማሳው ዳር ያለው የራሳችን ባሕር ዛፍ ተቆርጦ፣ ግንዱ ሠሪቅ በምንላቸው ወፍራም የእንጨት ድጋፎች ላይ ከፍ ተደርጎ ይጋደማል፤ አንድ ሰው ግንዱ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ከሥር ይቆማል፣ ረጅሙን መጋዝ ከላይና ከታች ይዘው ይስባሉ። አባታችን ከሞተ በኋላ ኑሩ ላይኛው፣ እኔ ታችኛው ሆንን። በከሰል የተነከረ ገመድ ወጥሮ ግንዱ ላይ ያሰመራትን መስመር የሚያያት ላይኛው ብቻ ነው። ታችኛው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚስበው፣ ሰጋቱራው ይዘንብበታልና። ግንዱ ከላዬ እንዳለ አውቅ ነበር፣ ሠሪቁ ሲንቋቋ እሰማ ነበር፣ ግን አላየውም። የማውቀው የኑሩን አሳሳብ ነበር። እጁ ሲከብድ ጉጥ እንደደረሰ፣ ሲፈጥን ደግሞ መጨረሻው እንደቀረበ አውቃለሁ፤ ድንገት መሳብ ካቆመ መጋዙን ለቅቄ ወደ ጎን እንድዘል አስተምሮኛል። «እኔ ዝም ካልኩ እንዳትጠይቀኝ፣ ዝለል» ይለኝ ነበር።

በልግ ግን የማይታመን ወቅት ነበር። ዝናቡ የሚመጣበት ዓመት አለ፣ የማይመጣበት ዓመት አለ፤ ያልመጣ እንደሆነ ወንዶቹ ሥራ ፍለጋ ቆላ ይወርዱ ነበር። አባታችንም ከእነሱ ጋር ወርዶ ወባ ገደለው። ወሬው መንደሩ የደረሰው እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። በዝግባ በር ልማድ መርዶ በቀን አይነገርም፣ በአንድ ሰውም አይነገርም። ሽማግሎች ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ደጅ ይመጣሉ፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዟት እጆች ከአጠገቧ እንዲኖሩ ነው። ከዚያ በፊት የሰማ ሁሉ እንደ ወትሮው ሆኖ ይውላል። ወንዶቹ ለለቅሶው የሚያስፈልገውን እንጨት ርቀው፣ የመጥረቢያው ድምፅ ከማይሰማበት ደን ውስጥ ይፈልጡና፣ ልክ ሽማግሎቹ ሲመጡ አብረው ይዘው ገብተው ግቢው ውስጥ ይከምሩታል። ያን ማለዳ እናታችን በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ሽማግሎቹን አይደለም። እንጨቱን ነው። ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ሻሿን ፈታ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ የዚያን ዕለት የማስታውሰው ይህንንና የኑሩን እጅ ነው፤ የያዘኝ እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

ከእሑዱ ማግስት ኑሩ ሆቴሉ ደረጃ ላይ አንሶላ እንደታቀፈ ወደቀ። ሆስፒታል ወሰዱት፣ አመሻሹ ላይ አረፈ። ልቡ ነው አሉ። ጀማል ደውሎ ነገረኝ፤ እኔም ደሴ ለሚኖሩት አጎታችን ለይማም ደወልኩ። እሳቸው ኢናሊላሂ አሉና ድምፃቸውን አጠነከሩ።

«እናትህ ብቻዋን ናት» አሉኝ። «በስልክ እንዳትሰማ። እዚህ ጎረቤት ወረዳ በስልክ የተረዳች እናት ነበረች፣ ሰው እስኪደርስላት ወድቃ ነው የዋለችው። ለሽማግሎቹ አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ ነገ መንገዱን ይዤ ወደዚያ እሄዳለሁ፣ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሎቹ ጋር ደጇ ላይ ነኝ። እስከዚያ ስልኩን ካላነሣህላት ትጠረጥራለች። ካነሣህ ደግሞ እንደ ወትሮህ ሁን።»

«ካለቀስኩስ?»

«አታለቅስም። ከረቡዕ በኋላ ታለቅሳለህ።»

ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ማሽኑ ሲጮህ ቀኑን ማሳለፍ ቀለለኝ፤ ሲቆም ደግሞ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ይከብደኛል። ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ደወለች። እንዲጠራ ትንሽ ተውኩት። ከዚያ አነሣሁት።

«አቤት እማ።»

«ምነው ድምፅህ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«ውሃ አሙቀህ ማር ጨምርበት። ኑሩ ስልኩን አያነሣም።»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። ዶሮዎቿ ቆጥ ላይ ሲወጡ ክንፋቸው ይሰማኝ ነበር። «ዛሬ ገበያ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሰይድ ግቢዬ ውስጥ እንጨት ሲከምር አገኘሁት። ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ ነው አለኝ።»

ሰይድ አልቻለም ማለት ነው። እስከ ረቡዕ ተቀምጦ መጠበቅ ከብዶት፣ ገበያ መሄዷን አይቶ፣ ሳትመለስ እጨርሳለሁ ብሎ ነው።

«ሰማዩ ደግሞ ጥርት ያለ ነው» አለች። «አንድ ቁራጭ ደመና የለበትም። እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ይሄን ሁሉ እንጨት ምን ላደርገው ነው?»

«ሰይድ ደግ ሰው ነው እማ።»

«ደግ ነው። ዓይኔን ግን አላየኝም።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። አልተሳፈርኩም፣ ዘግቶ ሄደ። አጎቴ ያሉኝን በልቤ እየደገምኩ፣ አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ስሙን ጠርታ ትጠይቀኛለች፣ እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ብትጠይቀኝ መዋሸት እንደማልችል አውቀው ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች።

«አንተ ደህና ነህ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ።»

«እግርህም፣ እጅህም?»

«ሁሉም ደህና ነው እማ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ትንፋሿን ሰማሁት፣ ረጅም ነበር። «እሱ ጋ ሰው አለ?»

ሞተ ወይ አላለችም። ታመመ ወይ ብላም አልጠየቀችም።

«አለ» አልኳት። «ጀማል አለ። ነገ ማለዳ ደግሞ እኔ እሄዳለሁ።»

«ሂድ። ብቻውን እንዳትተወው።»

«እሺ እማ።»

«በል ራትህን ብላ። እኔም ቤቱን ልጥረግ፣ ነገ እንግዳ ይመጣብኝ ይሆናል።»

ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ዘግታብኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ እኔ እስክዘጋ ትጠብቅ ነበር።

በማግስቱ በመጀመሪያው ባቡር ወደ ጄኔቫ ተሳፈርኩ። ገና ጨለማ ነበር፣ ሠረገላው ውስጥ የነበሩት የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች አብዛኞቹ አንቀላፍተዋል። የጄኔቫ ሐይቅ መታየት ሲጀምር አጎቴ ደወሉ። ደጇ ሲደርሱ በሩ ተከፍቶ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ እሷ ሻሿን ፈትታ ተቀምጣ እንዳገኟት ነገሩኝ። ሽማግሎቹ ደጅ ላይ ቆመው ሲቀሩ፣ «ግቡ እንጂ፣ ምን ትቆማላችሁ» ያለቻቸው እሷ ናት። ሰይድ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ሲያለቅስ እሱንም ጠርታ አስገብታዋለች። ያደረችው ብቻዋን ነው፤ ከተፈለጠው እንጨት ጋር፣ ማንም ሳይዛት። ይህን ያደረገችው እኔ በስልክ ያንን ቃል እንዳልናገር ብላ ነው።

ጀማል ጣቢያው ላይ ጠብቆ ይዞኝ ሄደ። ኑሩ ያለበት ክፍል ነጭ፣ ንጹሕ፣ ውሃው በግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ነበር። ሊያጥቡት የመጡት ከመስጊዱ አንድ የአልጄሪያ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ነበሩ። በዝግባ በር የሞተን ሰው የሚያጥቡት ሲወለድ ያዩት ሰዎች ነበሩ፤ የትኛው ጉልበቱ ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ ጠባሳውም ከየትኛው ዛፍ ሲወድቅ እንደመጣ ያውቁ ነበር፣ እያጠቡም ያወሩት ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ኑሩን አያውቁትም። ሽማግሌው በቀስታ ስሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ደግመው በትክክል አሉት። የመጡት ለማያውቁት ሰው ነው፣ ግን እጃቸው አልቸኮለም። ውሃውን አስነኩኝ፣ ለብ ያለ ነበር። ከዚያ ማን እንደሚጀምር በዓይናቸው ጠየቁኝ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩና ከቀኝ እጁ ጀመርኩ።