የዘሃራን ፓስፖርት ለማስመለስ ካርቱም ደርሼ መጣሁ

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ከኮምቦልቻ ተነሳሁ። አገር ለማየት አልነበረም የሄድኩት። እህቴ ዘሃራ ካርቱም ሰው ቤት ተቀጥራ ከገባች አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። ለሁለት ዓመት ብላ ነበር የወጣችው። ልመለስ ባለች ቁጥር አሠሪዋ "ሌላ ሠራተኛ ላግኝና" ትላታለች፤ ፓስፖርቷን ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።

ጥፋቱ የደላላው ብቻ ቢሆን እሱን ረግሜ ጎማዬን እየለጠፍኩ እቀመጥ ነበር። ጎሚስታ ነኝ፤ መርገም እችልበታለሁ። ግን ውሉ ላይ የታተመው አውራ ጣት የእኔ ነው። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ደሴ፣ ደላላው ቢሮ፣ "እዚህ ጋ" ሲለኝ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። "ምን ይላል?" ብዬ እንዳልጠይቅ ማንበብ አለመቻሌ ይታወቅብኝ ነበር። ከዚያ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገባሁ። ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ውል ነው። አንብቤ ስጨርስ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።

ካርቱም ዴም ሰፈር የምትኖር መዲና የምትባል የሰፈራችን ልጅ አለች። ሃያ ዓመት አልፏታል እዚያ። የአንድ አዳራሽ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ደውላ "ያ ሰይድ፣ ኢስማዕ፣ ስማኝ" አለችኝ። "የሕግ ዶክተሮች እኔ በማጸዳው አዳራሽ ሊሰበሰቡ ነው። ስለ ዱስቱሩ ነው፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ። ሰው ገብቶ ይጠይቃል ተብሏል። ወረቀትህን ያዝና ና።"

ያኔ ሱዳኖች የድሮውን መንግሥት አውርደው፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት ምን ይበል እያሉ በየአዳራሹ የሚከራከሩበት ጊዜ ነበር። የእነሱ ክርክር ለእኔ ምን ይፈይዳል አልኩ። ቢሆንም ሄድኩ።

ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ

ሰኞ ሲመሽ ጎንደር ገባሁ፤ ማክሰኞ በሚኒባስ ወደ መተማ ወረድኩ። ከሸዲ ከተማ በኋላ ሙቀቱ እንደ ጎማ ማቃጠያ ፊት ይመታል። መተማ ዮሐንስና ጋላባትን የሚለየው አንዲት አጭር ድልድይ ናት። ከዚህ ወገን ያለው የኬላ ሰው ፓስፖርቴን አገላብጦ ማህተም መታ፤ ከዚያ ወገን ያለው ደግሞ ወስዶ ምሳውን በላና መታ። እሱ ፉሉን ሲያላምጥ የእኔ ፓስፖርት ክርኑ ስር ነበር። አንድ ሰዓት ነው የቆየው፤ እኔ ግን ዓይኔን ከክርኑ አልነቀልኩም። ዘሃራ አምስት ዓመት ምን ስታይ እንደኖረች ያኔ ትንሽ ገባኝ።

ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶቡስ ሦስት የአገሬ ወጣቶች ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ገዳሪፍ ሰሊጥ ሊያጭዱ፣ ከዚያ ወደ ሊቢያ ሊሻገሩ ነው።

"ጋሼ፣ አንተስ ወዴት ነህ?" አለኝ አንደኛው።

"ሰው ልመልስ።"

"ያ ሳላም! ብቻ እኛን እንዳትመልሰን!"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ልበላቸው? ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ሰማዩ ጥግ ሜዳ ነው። ተራራ የለመደ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

ገዳሪፍ አደርኩ። ረቡዕ ጠዋት ፉል በሰሊጥ ዘይት በላሁ፤ ጥሩ ፉል ነው፣ አይካድም። ማታ የነገሩኝ የትኬት ዋጋ ሲነጋ ጨምሯል። "ለምን?" ብል ቆራጩ "ዶላር" ብሎ ወደ ሰማይ አመለከተ፤ ዶላር ከላይ የሚዘንብ ይመስል። በመደኒ ከተማ በኩል አድርገን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርቱም ገባን።

ሐሙስ፣ ቡሪ

አዳራሹ ቡሪ የሚባል ሰፈር ነው። ስብሰባው አራት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ አምስት ተኩል ላይ ተጀመረ። በዚህ እንኳ ወንድማማቾች ነን።

መድረኩ ላይ ሦስት የሕግ አዋቂዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም "ዶክተር" ይላቸዋል። ሁለተኛው ሱፍ የለበሰ ወጣት መምህር ነው። ሦስተኛዋ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ሰማያዊ ቶብ የተከናነቡ ጠበቃ ናቸው፤ "ኡስታዛ" ይሏቸዋል። መዲና አጠገቤ ተቀምጣ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች።

ዶክተሩ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። መዲና "የመብቱ ምዕራፍ ዜጋ ይበል፤ የውጭ ሰው በተራ ሕግ ይተዳደር እያሉ ነው" አለችኝ።

"ይኼን ሁሉ ጊዜ?"

"ዶክተር ናቸዋ!"

ወጣቱ መምህር ተነሳ። ዜጋ ብቻ ካልን ሕገ መንግሥቱ ግማሹን ከተማ አያየውም፤ የመንቀሳቀስ ነጻነት የሰው ሁሉ ነው፣ "ማንኛውም ሰው" ይበል አለ። ይኼኔ ከመሀል አንድ ሰው እጁን ሳያወጣ ብድግ አለ። ልጁ መንግሥቱን ባወረደው ሰልፍ ተመትቶ የሞተበት አባት ነው። "ልጄ ደሙን ያፈሰሰው ለዚህ አገር ዜጋ ነው" አለ። "መጀመሪያ የእኛ ይጻፍ። የሐበሾቹ ይደርሳል።"

ልቆጣ ይገባ ነበር። ግን ሐዘንተኛን ምን ትለዋለህ?

ኡስታዛ ቀስ ብለው መለሱለት። "ወንድሜ፣ ልጅህ ሲወድቅ ሮጠው ያነሱት ሰዎች መታወቂያውን አልጠየቁትም።" ሰውየውም ተቀመጠ።

መዲና ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። "ያላ! አሁን ነው!"

ቆምኩ። ስለ ራሴ መናገር ስላልሆነልኝ ወረቀቱን አወጣሁና በአማርኛ የተጻፈበትን ወገን ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ሳነብ ፍጥነት የለኝም፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ብሎን እየፈታሁ ነው። ሁለት መቶ ሰው ይጠብቀኛል። "የ...ሠራተኛዋ ፓስፖርት... ውሉ እስኪያልቅ... በአሠሪዋ እጅ ይቀመጣል። ውሉ በአሠሪዋ ፈቃድ ይራዘማል። እኔ ወንድሟ... ተስማምቻለሁ።" መዲና ወደ አረብኛ መለሰችው። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሊቃውንቱ ወረቀቴን እንደ እርድ በሬ ተቀራመቱት። ወጣቱ መምህር፣ መብት በፊርማ አይሸጥም፣ ይህ ውል ፈራሽ ነው አለ። ዶክተሩ አባቷ በሕይወት አለመኖሩን ጠይቀውኝ፣ አልተስማሙም። "አባቷ የለም፣ ወንድሟ ወሊዋ፣ ኃላፊዋ ነው። ወሊ ተስማምቷል" አሉ።

እውነታቸውን ነው። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። በኛ አገር አባት ከሌለ እህትን ለኒካሕ የሚሰጥ ወንድም ነው። ደላላው "የእሷን ነገር አንተ ጨርስ" ሲለኝ ያልተለመደ ነገር ሆኖ አልታየኝም። እህትን ለባል እንደሚሰጥ ለሥራም ሰጠኋት።

ኡስታዛ ወረቀቱን ተቀብለው ፊትና ጀርባውን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ይኼ የወንድሟ ጣት ነው። ይኼ የደላላው፣ ይኼ የአሠሪዋ። የልጅቷ የት አለ?" አሉ።

እኔ ያንን ወረቀት መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ባነበብኩት ቁጥር የራሴን ጣት ሳይና ስናደድ፣ የእሷ እንደሌለበት አንድ ቀን አላየሁም።

ዶክተሩ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ "በኒካሕ እንኳ የድንግል ዝምታ ፈቃድ ነው ይባላል" አሉ።

"ዝም ማለቷን ማን አየ?" አሉ ኡስታዛ። "እዚያ አልነበረችም እኮ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ ራሳቸው ሳቁና እጃቸውን አነሱ፤ "በዚህ አሸንፈሽኛል" አሉ።

ወጣቱ መምህር ግሩም ምሳሌ ነው፣ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ይነሳ አለ። ደሜ ፈላ። "ምሳሌ ልሆን ከኮምቦልቻ ድረስ አልመጣሁም" አልኩ። "ነገ አሠሪዋ በር ድረስ አብሮኝ የሚሄድ ማነው?"

መዲና ይህን ለመተርጎም ትንሽ አመነታች። ቢሆንም ተረጎመችው። ወጣቱ ስልኩን ማየት ጀመረ። ኡስታዛ ግን "ነገ፣ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንደተሰገደ" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ አለ። እዚያ ስንደርስ አንተ አትናገርም።"

"ለእሷ ልናገር አይደል እንዴ የመጣሁት?"

"በአንተ ጣት የእሷ ነገር አይሰጥም ካልን፣ በአንተ አፍም አይጠየቅም።"

ዓርብ፣ ዐማራት

ዓርብ ለዘሃራ የግማሽ ቀን እረፍቷ ነው። ዴም፣ መዲና ቤት መጣች። አምስት ዓመት! ከስታለች፤ ድምጿ ግን ወፍሯል። ተላቅሰን ስናበቃ ኡስታዛ አንድ ጥያቄ ጠየቋት፦ "ጀዋዝሽን፣ ፓስፖርትሽን፣ ትፈልጊያለሽ?"

ዘሃራ እኔን አየችኝ። ኡስታዛ አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ራሳቸው መለሱት። "እሱን አልጠየቅሁም።"

"አይዋ፣ እፈልጋለሁ" አለች ዘሃራ።

ዐማራት የባለጸጋ ሰፈር ነው፤ ጎዳናው ሁሉ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። አሠሪዋን ዘሃራ "ማዳም" ነው የምትላት። እኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ጭራቅ አድርጌ ሥያት ነበር። በሩን የከፈተችልን መነጽር ያደረገች ደከም ያለች ሴት ሆና አረፈችው። አስገባችን፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀዳችልን። ክፉ ሰው ክፉ ፊት ቢኖረው ዓለም ምንኛ ቀላል ነበር!

መዲና ዛሬም በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ዘሃራ አልተቀመጠችም። "ማዳም፣ አማናዬን፣ አደራዬን፣ ስጪኝ" አለች። "ጀዋዜን።"

"ልጄ፣ እንዳይጠፋብሽ እኮ ነው የያዝኩልሽ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ወንድሟ፣ አንተ ተስማምተህ የለም እንዴ? ንገራት እንጂ።"

ምላሴን ነከስኩ፤ እስኪደማ። አምስት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ቆሟል።

"እኔ ነኝ የጠየቅሁሽ" አለች ዘሃራ። "አማና ሲጠየቅ ይመለሳል። አንቺ ነሽ ቁርኣን እየቀራሽ ያስተማርሽኝ።"

ማዳም ኡስታዛን አየች፤ ጠበቃ እንደሆኑ ያወቀች ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ቁልፍ ሲዞር ሰማን። ፓስፖርቱ መጣ፤ ሊያልፍበት አራት ወር ብቻ ቀርቶታል። ፎቶው ላይ ያለችው ዘሃራ ልጅ ናት።

ወደ ዴም ስንመለስ እኔና ዘሃራ አንድ ረክሻ ላይ ነበርን። ባለ ሦስት እግሩ ይንገጫገጫል። ፓስፖርቱ ከእጇ እንዳይወድቅ ብዬ ተቀበልኳትና ኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩት። "ለእሑድ ትኬት እንቆርጣለን" አልኳት። "እናታችን ጋ ረቡዕ እንደርሳለን።"

ዘሃራ እጇን ዘረጋች።

"ምንድነው?"

"ስጠኝ።"

"ይጠፋብሻል። እኔ ልያዝልሽ።"

"ወንድምዓለም፣ ማዳምም ቃል በቃል እንዲያ ነው ያለችው።"

መስጠት ከበደኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ ከማዳም የባሰ ጊዜ ወሰደብኝ። ሰጠኋት።

"እሑድ አልሄድም" አለች ያኔ። "ከቤቱ እወጣለሁ፤ ከአገሩ ገና ነኝ። ከመዲና ጋር እኖራለሁ፣ የቀን ሥራ እሠራለሁ፣ ፓስፖርቴን ኤምባሲ አሳድሳለሁ። ስመጣ ይዤ የምመጣው ነገር ይኑረኝ።"

ጮህኩባት። ስንት መንገድ መጣሁልሽ አልኳት፣ ውለታ ቢስ አልኳት። ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። እሷ ፓስፖርቱን ጉያዋ ከትታ መንገዱን ታያለች። ዴም ስንደርስ ኪራዩን ከፍላ ቀድማኝ ወረደች።

መመለሻ

እሑድ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ገዳሪፍ፣ ጋላባት፣ መተማ፣ ጎንደር። ከጎኔ ያለው ወንበር የእሷ መሆን ነበረበት፤ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ተቀመጠበትና እስከ ገዳሪፍ አንኮራፋ። ሊቃውንቱ "ዜጋ" ብለው ጻፉ ወይስ "ሰው"፣ እስካሁን አላወቅሁም። እኔ በዚያ መንገድ የተማርኩት ከእነሱ አዳራሽ ጀምሮ ረክሻው ላይ ያለቀ ነው። ፓስፖርቷን የያዘ እጅ የወዳጅም ይሁን የባዕድ፣ የእሷ እስካልሆነ ድረስ ያው ቁም ሣጥን ነው።

ረቡዕ ማታ ቤት ስገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ወደ ኋላዬ ተመለከተች።

"የታለች?"

"እዚያው ናት። ፓስፖርቷ እጇ ገብቷል።"

"ለምን አላመጣሃትም ታዲያ?"

"እቆያለሁ አለች።"

"ማን ፈቅዶላት?"

"ራሷ።"

"አባቷ ቢኖር ኖሮ..."

"አባቷ ቢኖርም፣ እማ።"

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሱቄ ድረስ መጣችና "ደውልልኝ" አለች። ዘሃራ ስልኩን ስታነሳ እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። እንደ ልማዷ "ነይ" ትላለች ብዬ ነበር።

"ልጄ" አለች፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?"