አስበልጠን ያሰፋነው የፍላጻ ኮሮጆ

ዛሬ ጠዋት የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ጓደኛዬ አዲስ ቦርሳ አዝላ ማንጠልጠያውን ስታጠብቅ፣ ስታላላ ቆየች። እያየኋት መቐለ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ያሰፋሁት ኮሮጆ ትዝ አለኝ።

የስፖርት መምህራችን የቀስት ቡድን ሊመርጡ ነበር። ቀስቱና ፍላጻው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ፍላጻ መያዣውን፣ በጀርባ የሚታዘለውን ኮሮጆ ግን ከቤት አምጡ ተባልን። ለመመረጥ በአንድ ደቂቃ ስድስት ፍላጻ መወርወር ያስፈልጋል። እንደዚያ የተመኘሁት ነገር አልነበረም።

የበለስ ወቅት ሊያልቅ ሲል ከእናቴ ጋር ቀዳማይ ወያነ ገበያ ሄድን። ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው እዚያ ቆዳ ይሰፋል። እናቴ የደንብ ልብሴን እንኳ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ነው የምታሰፋልኝ፤ እኔ እጅጌውን እያጠፍኩ ዓመቱን እገፋለሁ።

"ጥልቅና ሰፊ አድርገው፤ እያደገች ነው" አለችው።

"አደይ፣ ኮሮጆ እኮ ጫማ አይደለም" አላት ሰይድ፣ በትግርኛ "እናቴ" ብሎ እየጠራት።

"ጫማም ቢሆን አስበልጬ ነው የምገዛው!"

ሰይድ ሳቀና ተሸነፈ። እኔም እንዳላስከፋት ዝም አልኩ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው በልምምድ ላይ ጉዱ ወጣ። ፍላጻዎቹ ኮሮጆው ውስጥ ሰጥመው እጄ አልደርስባቸው አለ። ጎንበስ ስል እየተንሿሹ ወደ አንድ ጎን ይከመራሉ። ደቂቃው ያለቀው ሦስት ብቻ ወርውሬ ነው።

"ኣንቲ፣ ከጉድጓድ ውኃ እየቀዳሽ ነው?" አለችኝ አብራኝ የምትለማመድ አንዷ ልጅ። ሁሉም ሳቁ።

ማታ፣ "እማ፣ አልደርስበትም" አልኳት። በማግስቱ ራሷ ይዛኝ ወደ ሰይድ ተመለሰች።

"ሳታጎነብሺ እጅሽን ወደ ኋላ ስደጂ" አለኝ። ጣቶቼ ባረፉበት በጠመኔ አሰመረ። "የፍላጻው ጭራ ከጆሮሽ ጎን ይድረስ። አፉም ስድስቱን ይያዝ እንጂ አያስጨፍራቸው።" ከዚያ መቀሱን አንስቶ እናቴን ተመለከተ።

እናቴ ደህናውን ቆዳ በእጇ ዳበሰችው። "ስታድግስ?"

"ስታድግ ሌላ እሰፋላታለሁ። አብሽሩ አደይ።"

"በል ቁረጠው" አለችና ፊቷን አዞረች።

በፈተናው ቀን እጄ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ፍላጻው ይጠብቀኝ ነበር። ፊሽካው ሳይነፋ ስድስተኛውን ለቀቅኩ። መምህሩ ስሜን ጻፉ። እናቴ ስትሰማ በእልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣችው።

አሁን ሳስበው፣ እሷን ደስ ያሰኛት ዝምታዬ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ ብዙ ጊዜ ራሴን ነቅንቄአለሁ። ትናንት ግን ሒሳብ ክፍል እጄን አውጥቼ "አልገባኝም" አልኩ። መምህሩ ሰሌዳውን አጠፉና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።